«በጣም ንቁ ነኝ»፦ ባሕር ዳር ላይ አንድ መጠይቅ ስንፈትን የሆነው

እማማ በሩ አጠገብ ነበር የተቀመጡት። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ሰፈር፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ። ታብሌቴን ጭኔ ላይ አድርጌ አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ አነበብኩላቸው። «ባለፈው አንድ ወር ከመጠን በላይ ንቁ መሆን ምን ያህል አስቸግሮዎታል?» ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። «ንቁማ ነኝ ልጄ፣ በጣም ንቁ ነኝ! ዕድሜዬ ቢገፋም እግዜር ይመስገን አእምሮዬ አልደከመም።» እኔም «እጅግ በጣም» የሚለውን ነካሁ። አራት ነጥብ። በር በሩን እያዩ መቀመጣቸውንም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ጠየቅሁ። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቷል፣ ዓይኑ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይመላለሳል፣ ውጭ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ወሬውን ያቋርጣል። ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለው ነግሮኛል። ያንኑ ጥያቄ አነበብኩለት። «እኔ ደግሞ ምን ንቃት አለኝ ወንድሜ፣ ፈዝዤ ቀርቻለሁ» አለኝ። ዜሮ።

ማታ ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ሳያቸው ክው አልኩ። ጥያቄው የተጻፈው እንደ ወጣቱ ያለውን ሰው ለማግኘት ነው። የእኛ አማርኛ ግን ለእማማ አራት ሰጥቶ እሱን ዜሮ አስቀረው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። እኔ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። አንድ የእርዳታ ድርጅት (ስሙ ይቅር) በተፈናቃይ ሰፈሮችና በአካባቢው ጤና ጣቢያዎች ፒቲኤስዲ ያለባቸውን ሰዎች ቶሎ ለይቶ ወደ ሕክምና የሚልክ አሠራር ሊዘረጋ ፈለገ፣ እኔም በጠያቂነት ገባሁ። ፒቲኤስዲ (ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ድህረ አደጋ ጭንቀት» እንደማለት ነው) ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ሞትን በዓይኑ ያየ፣ ጥቃት የደረሰበት ወይም ሌላው ላይ ሲደርስ ያየ ሰው፣ ነገሩ ካለፈ በኋላም አእምሮውና ሰውነቱ አልፏል ብለው መቀበል ሲያቅታቸው የሚመጣ ሕመም ነው። የደነገጠ ሁሉ፣ ያዘነ ሁሉ ፒቲኤስዲ አለበት ማለት አይደለም። አብዛኛው ሰው በጊዜ፣ በዘመድ፣ በጸሎት ያገግማል። ለዚህ ነው መለየት ያስፈለገው፣ ሐኪሙ ጥቂት ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው።

የተመረጠው መጠይቅ ፒሲኤል-5 ይባላል። ያዘጋጀው አሜሪካ ውስጥ በቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር ያለው ብሔራዊ የፒቲኤስዲ ማዕከል ነው፣ የተቀረጸውም እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ዲኤስኤም-5 በሚባለው የአእምሮ ሕመሞች መለያ መመሪያ ላይ ተመሥርቶ ነው። በነፃ ይገኛል። 20 ጥያቄ አለው፣ ስላለፈው አንድ ወር ይጠይቃል፣ እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፣ ድምሩ ከ80 ነው። አምስቱ ጥያቄ ያ ነገር እየተመለሰ ስለመምጣቱ፣ ሁለቱ ስለመሸሽ፣ ሰባቱ ስለ አስተሳሰብና ስሜት መለወጥ፣ ስድስቱ ደግሞ ስለ መደንበር፣ ስለ ንዴት፣ ስለ እንቅልፍ ናቸው። ማዕከሉ ከ31 እስከ 33 ያለውን እንደ መነሻ መቁረጫ ነጥብ ይጠቁማል፣ እዚያ የደረሰ ሰው ሕመሙ ሊኖርበት ይችላል ተብሎ ይታሰባል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ትርጉሙ በደንቡ መሠረት ነው የተሠራው። ሁለት ሰው ለየብቻ ወደ አማርኛ መለሱት፣ አንድ ላይ ተቀምጠው አስታረቁት፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን አይቶ የማያውቅ ሦስተኛ ሰው አማርኛውን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ አዞረው። ይህ ወደ ኋላ የመተርጎም ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970 ብሪስሊን የተባለው ተመራማሪ ከጻፈበት ጊዜ ጀምሮ በየቦታው የሚሠራበት ነው። የእኛ ውጤት ሲመጣ ቤቱ በደስታ ተሞላ። ቃል በቃል ነው የገጠመው! አስተባባሪያችን «እንዲህ ያለ ንጹህ ትርጉም አይቼ አላውቅም» አለ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ሌላው እንዳጨበጨበው።

አሁን ሳስበው መጠርጠር የነበረብን ያኔ ነው። ወደ ኋላ የተረጎመው ሰው ሥነ ልቦና የተማረ ነው። «ከመጠን በላይ ንቁ» የሚል ሲያይ፣ በፒቲኤስዲ መጠይቅ ውስጥ ይህ ቃል ምን ለማለት እንደገባ ያውቀዋል፣ ስለዚህ ትክክለኛውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፈ። የተረጎመው ወረቀቱ ላይ ያለውን አማርኛ አይደለም፣ የገመተውን እንግሊዝኛ ነው። እማማ ግን እንግሊዝኛውን የሚገምቱበት መንገድ የላቸውም። እሳቸው ያላቸው ያ አማርኛ ብቻ ነው፣ በዚያ አማርኛ ደግሞ ንቁ ሰው ማለት ጎበዝ ሰው ማለት ነው። ልጅ ሲመረቅ «ንቁ፣ ብልህ ያድርግህ» ይባላል እኮ።

በማግስቱ ሥራ ይቁም አልን። ድርጅቱ ደስ አላለውም፣ ቀነ ገደብ ነበረበት። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ጥቂት ሳምንት ተሰጠን፣ በዚያ ጊዜ መጀመሪያ መሠራት የነበረበትን ሠራን። ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ጥያቄ ማንበብና፣ መልሱን ከመጻፍ በፊት «አሁን ያነበብኩልዎት ምን ማለት ሆኖ ተሰማዎት? በራስዎ አባባል ይንገሩኝ እስኪ» ማለት። ኮግኒቲቭ ኢንተርቪው ይሉታል ባለሙያዎቹ። ሴቶቹን ሴት ጠያቂ፣ ወንዶቹን ወንድ ጠያቂ ያዘ። መጀመሪያ ቡና፣ ከዚያ ወሬ፣ ከዚያ ጥያቄ።

እናንተዬ፣ ጉድ ነው የወጣው!

መግቢያው ራሱ ችግር ነበረበት። «አስጨናቂ ገጠመኝ» ብለን ነበር። ገጠመኝ ማለት ለሰው ሁሉ ሬዲዮ ላይ የሚነበብ፣ የሚያስቅ ወይም የሚያስገርም ታሪክ ነው። አንድ አባት ጥያቄውን ሰምተው ስለ ጠፋች በቅሏቸው የሚያስቅ ታሪክ ጀመሩልን፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰው ናቸው። ስለ ቃጠሎው የተጠየቁ አልመሰላቸውም። አንዱ ጠያቂ «ክፉ ቀን» እንበለው አለ፣ ጥሩ ነበር፣ ግን ሽማግሌዎቹ ክፉ ቀን ሲባል እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 ስለነበረው ታላቅ ረሃብ አያቶቻቸው የነገሯቸውን ያነሳሉ። መጨረሻ ላይ «የደረሰብዎት ያ ክፉ ነገር» ላይ ረጋን። ሰው መጀመሪያ ራሱ የትኛው እንደሆነ በልቡ ይይዛል፣ ካልፈለገ ዝርዝሩን አይነግረንም፣ ከዚያ በኋላ እኛ «ያ ነገር» ብቻ ነው የምንለው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ «ተደጋጋሚ፣ የሚረብሽ፣ የማይፈለግ ትዝታ» ይላል። አንድ አዳማጭ ሳቀብኝ። «ትዝታ ደግሞ መቼ ነው የማይፈለገው?» እውነቱን ነው። ትዝታ የቅኝታችን ስም ነው፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት እኩል። ትዝታ ያማል፣ ግን ሰው ፈልጎት ነው የሚታመመው፣ ማታ ማታ ከፍቶ የሚያደምጠው። የተቃጠለ ቤት ጭስ ሳይጠሩት ዓይን ላይ ሲመጣ ያንን ማንም ትዝታ አይለውም። ታዲያ ምን ይላል? ጠየቅን። «ድቅን ይልብኛል» አሉን። አንዷ እንጨት እየለቀመች፣ አንዱ እየጸለየ፣ አንዱ እህል እያስፈጨ፣ ሁሉም «ድቅን ይልብኛል» አሉ። ሦስት ምሁር አዲስ አበባ ተቀምጦ ያላገኘውን ቃል አንድ ሰፈር በአንድ ጠዋት ሰጠን። አሁን ጥያቄው «ያ ነገር ሳይፈልጉት ዓይንዎ ላይ ድቅን እያለ» ነው የሚለው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ህልም ነው፣ እሱ ላይ ብዙ ቀን ቆየን። አንዲት እህት ወንድሟ በየሳምንቱ በህልሟ ይመጣል። ቀጥታ ብንጽፈው አራት ነጥብ ነው። ግን ስታወራው አትረበሽም። አርባው ሳይወጣለት ነው ከቀያቸው የወጡት፣ እሷ እንደምትለው እሱ የሚመጣው ሊያስታውሳት ነው። «ህልም አይደለም ይሄ፣ መልእክት ነው» አለች። የሚያስጨንቃት ህልሙ ሳይሆን ለተዝካር የሚሆን ነገር ማጣቷ ነው። ይሄ የሕመም ምልክት ነው? ሐኪሞቹ ሳይቀሩ ተከራከሩበት። በመጨረሻ ህልምን ከቅዠት ለየን። «ያ ክፉ ነገር ራሱ በህልምዎ እየመጣ፣ እያቃዠዎት ወይም በድንጋጤ እያስነሳዎት» ብለን ጻፍን። ወንድሟ ለብቻው ቀረ፣ ለእሱ የሚያስፈልገው ካህን እንጂ ነርስ አይደለም።

ዘጠነኛው ስለ ራስ፣ ስለ ሰውና ስለ ዓለም ክፉ እምነት መያዝን ይጠይቃል። «ዓለምማ ከንቱ ናት፣ መጽሐፉም ይላል» ተባልን። ይሄ ሃይማኖት ነው። «ማንንም ማመን አልችልም» እና «የትም ብሄድ ደህና ቦታ የለም» የሚሉት ምሳሌዎች ግን ሰሩ፣ እነሱን ይዘን ዓለምን ተውናት።

አሥረኛው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። «ለደረሰው ነገር ራስዎን ወይም ሌላ ሰው መውቀስ»። አንድ ሰውዬ ቆጣ ብለው «ቤቴን ያቃጠለውን ካልወቀስኩ ማንን ልውቀስ? ዛፉን?» አሉኝ። ምን ልመልስ? ዲኤስኤም-5 ላይ ምልክቱ የተዛባ ወቀሳ ነው የሚለው፣ ማለትም «ያን ቀን ገበያ ባልወጣ ልጄ አይሞትም ነበር፣ የገደልኩት እኔ ነኝ» እንደሚለው ዓይነት። መጠይቁ ላይ ግን «የተዛባ» የሚል ነገር የለም። ስለዚህ በዳዩን በትክክል የሚያውቅ ሰው ሁሉ ነጥብ ይሰበስባል። መለወጥ እንችላለን? ብንለውጠው ፒሲኤል-5 መሆኑ ይቀራል። እንዳለ ተውነው፣ አማርኛውን ብቻ አጠራነው፣ ጠያቂውም እንዳይከራከር አሰለጠንነው።

አሥራ ስድስተኛው ራስን ለአደጋ ስለማጋለጥ ነው። ጣና ላይ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ጠይቃችሁ እዩ። «ሥራዬ እኮ ነው!» ደንገል ላይ ተቀምጦ፣ ነፋስ ሲነሳ እየዘፈነ የሚሄድ ሰው በመጠይቁ ሚዛን ሲታይ ሞትን የሚፈልግ ይመስላል። «ከድሮው ይልቅ አሁን» የሚል ጨመርንበት፣ ድሮም ታንኳ ላይ የነበረ ሰው በዚያ ነጻ ወጣ።

ጥሩ የሄዱም ነበሩ። ልብ ድው ድው ማለት፣ ላብ ማጥመቅ፣ በትንሽ ድምፅ መበርገግ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለት፣ እነዚህን ሰው ከአፋችን ነጥቆ ነው የመለሰልን።

ሚዛኑም አለ። «በፍጹም፣ ትንሽ፣ በመጠኑ፣ በጣም፣ እጅግ በጣም»። ወረቀት ላይ ያምራል። ሰው ግን «አዎ»፣ «የለም»፣ ወይም «አንዳንዴ» ነው የሚለው፣ በመጠኑ የሚባል ሕመም የለም። እኔ ብልህ ሆኜ በቡና ሲኒ ሥዕል እንጠይቅ አልኩ፦ ባዶ፣ ሥሩ ላይ ጠብ ያለ፣ ግማሽ፣ ሊሞላ የደረሰ፣ አፉ ጢም ያለ። በራሴ ኮርቼ ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ሥዕሉን አየችና «ይሄ አቦሉ ነው?» አለችኝ። ሌላዋ ሦስተኛውን ሲኒ በረካ ብላ ጠቆመች። የጭንቀት መጠን ሳይሆን ቡናው ስንተኛ እንደሆነ ነበር የሚታያቸው። በውሃ ብርጭቆ ቀየርነው፣ ሰራ።

«ባለፈው አንድ ወር» የሚለውን ደግሞ ማንም በቀን አይቆጥርም። ለክርስቲያኖቹ ከበዓል ተነሳን፤ ከዛሬ ወር ሚካኤል ወዲህ፣ ከዛሬ ወር ጊዮርጊስ ወዲህ፣ በወር በወሩ በ12 እና በ23 ስለሚውሉ ስህተት የለውም። ለሙስሊሞቹ አራት ቅዳሜ ገበያ ወደ ኋላ ቆጠርን። እንቅልፍ ላይም አንድ ነገር ተማርን። ሌሊት ተነስቶ ቤተ ክርስቲያን ወይም ለሱብሒ የሚሄድ ሰው «እንቅልፍ ማጣት» ሲባል አዎ ይላል። «ለመተኛት ፈልገው እንቅልፍ እምቢ ሲልዎት» ማለት ነበረብን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእነዚያ ሳምንታት በብዛት የሰማሁት አባባል ከሃያዎቹ ጥያቄዎች በአንዱም ውስጥ የለም። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል።» አንድ ነገር ሊደርስ ነው የሚል ፍርሃት፣ ከባዶነትና ከናፍቆት ጋር የተቀላቀለ፣ ቦታው ደግሞ ጭንቅላት ሳይሆን ሆድ። ከእኛ አንዳንዶቹ ይጨመር አሉ። እኔም መጀመሪያ ከነሱ ጋር ነበርኩ። ግን ድምሩ ውስጥ ከገባ ከሌላ አገር ውጤት ጋር ማስተያየት አይቻልም፣ ሐኪም ዘንድ ያለው መመዘኛም እሱን አይጠይቅም። ተስማምተን ሃያ አንደኛ ጥያቄ አደረግነው፣ ይጠየቃል፣ ይጻፋል፣ አይደመርም። ብዙ ሰው ዘና ብሎ ማውራት የጀመረው እዚያ ጥያቄ ላይ ሲደርስ መሆኑ አሳቀኝም፣ አሳዘነኝም። መጨረሻ ላይ ነበር ያስቀመጥነው።

ቃላቱ ሲስተካከሉ ሥራው ግማሽ እንኳ አልሆነም። ሰው ጥያቄው ስለገባው ብቻ እውነቱን ይነግራችኋል ማለት አይደለም። ባጅ አንጠልጥሎ ታብሌት ይዞ ተፈናቃይ ሰፈር የገባ ሰው እርዳታ መዝጋቢ ነው፣ በቃ። ስለዚህ አንዳንዱ ሁሉንም «እጅግ በጣም» ይላል፣ ልጆቹ ስንዴ እንዲያገኙ። ማን ይፈርድበታል? ሌላው ደግሞ ፈቃድ መጠየቂያው ላይ «የአእምሮ ጤና» የሚለውን ሲሰማ «እኔ እብድ አይደለሁም» ብሎ ሁሉንም ዜሮ ያስብላል። ሦስተኛው፣ በተለይ እናቶች፣ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፣ ሆድ ይፍጀው ብለው። መግቢያውን ቀየርነው። «ያ ነገር ከደረሰ ወዲህ እንቅልፍዎ፣ ሐሳብዎ፣ ሰውነትዎ እንዴት እንደሰነበተ ልንጠይቅዎት ነው፤ ስንዴም ዘይትም ከዚህ አይመጣም፣ ከዚህ የተነሳም አይቀርም» እንላለን። ፊርማ ብዙ ሰው ያስፈራል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው በቃል ፈቃድ እንድንሠራ ተስማማ። የከፋ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው ስናገኝ የዚያኑ ዕለት የሚያይ ሐኪም ሳይኖር አንድም ቀን አልወጣንም። የሰው ቁስል ከፍቶ ታብሌት ዘግቶ መሄድ ነውር ነው።

ከዚያ ዋናው ፈተና መጣ። መጠይቁ ይሠራል ለማለት ከሌላ፣ ከሚሻል ነገር ጋር መስተያየት አለበት። ያ የሚሻለው ነገር የሰለጠነ ሐኪም ካፕስ-5 በሚባለው የፒቲኤስዲ መመርመሪያ የሚያደርገው ቃለ መጠይቅ ነው። 30 ጥያቄ ነው፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፣ ሐኪሙ እያንዳንዱን ምልክት በምሳሌ እየጠየቀ ራሱ ይመዝናል። ደንቡ አንድ ነው፣ ሐኪሙ የመጠይቁን ነጥብ ማወቅ የለበትም። ይሄ ቀላል ይመስላል። አንድ ቀን ጠያቂያችን በደግነት ሐኪሙን «ይቺን ልጅ ቶሎ እያት፣ ነጥቧ ከፍተኛ ነው» ስትለው ሰማኋት። ልጅቷ ወዲያው ታየች፣ ደግ ነው። ለጥናቱ ግን ያ ውጤት ተሰረዘ።

ሐኪሞቹ ራሳቸው የተጨቃጨቁበት ነጥብ ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ፒቲኤስዲ የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ መመሪያ ውስጥ ሲገባ ከፊት የነበሩት ከቬትናም ወደ ቤታቸው የተመለሱ ወታደሮች ናቸው። ጦርነቱ ሌላ አገር ነው፣ እነሱ ቤታቸው ናቸው፣ አእምሯቸው ግን ከጦርነቱ አልተመለሰም። «ድህረ» የሚለው ቃል እዚያ ትርጉም አለው። የኛ ወጣት ግን ገና ቤቱ አልተመለሰም። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ በማግስቱ ይዘጋል፣ ሌሊት ድምፅ ይሰማል። በር በር ማየቱ ሕመም ነው ወይስ ልቦና? አንደኛው ሐኪም «እኔም በዚያ ሰፈር ባድር በር በር አያለሁ» አለ። ብዙ ተባባልን። የተስማማንበት መንገድ እንዲህ ነው፦ ሰውየው ራሱ ደህና ነው በሚለው ቦታ፣ ለምሳሌ ከተማ ውስጥ ሽምብጥ አክስቱ ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ያኔስ? ያኔም ካላረፈ፣ ነገሩ ከአካባቢው አልፎ ሰውነቱ ውስጥ ገብቷል። ጥያቄውም በዚሁ ተጻፈ። «ደህና ነው በሚሉት ቦታ እያሉ እንኳ፣ አደጋ ይመጣል ብለው ዙሪያዎን እየቃኙ፣ በር በር እያዩ፣ ማረፍ አቅቶዎት ያውቃል? ምን ያህል?»

ቁጥሩ ላይ ስንደርስ ከድርጅቱ የስታቲስቲክስ ባለሙያ መልእክት መጣ። ክሮንባክ አልፋ ከ0.9 በላይ ስለሆነ መጠይቁ «ቫሊዴት ተደርጓል» (መሥራቱ ተረጋግጧል ማለቱ ነው)፣ እንቀጥል። አይ! እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ያለው ይህ ቁጥር የሚነግረን ጥያቄዎቹ አብረው ከፍ ዝቅ ማለታቸውን ነው እንጂ ስለ ምን እንደሚያወሩ አይደለም። የጥያቄው ብዛት ራሱ አልፋን ከፍ ያደርጋል፣ ሃያ ጥያቄ ደግሞ ብዙ ነው። ተማክረው የመጡ ሃያ ሐሰተኛ ምስክሮችም ቃላቸው ይገጥማል። አልፋ ከፍ ብሎ ሳለ የድሮው አሥራ ሰባተኛ ጥያቄ ብቻ ከሌሎቹ ጋር አለመሄዱ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር፣ የተመለከተው አልነበረም።

አሁን ወደ 33 ልመለስ። ያ ነጥብ ባብዛኛው አሜሪካ ውስጥ በቀድሞ ወታደሮች ላይ ከተሠራ ሥራ የመጣ ነው። እኛ ዘንድ 33 ላይ ብንቆርጥ ሐኪሞቹ ሕመም አለባቸው ካሏቸው ሰዎች ብዙዎቹ ያመልጡን ነበር፣ «ትንሽ» የሚለው ቃል በጨዋ ሰው አፍ ብዙ ነገር ይሸፍናላ። የኛን ቁጥር እዚህ አልጽፈውም። ሆን ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ከተጻፈ ሰው ቆርጦ ወስዶ ሌላ ቦታ ይለጥፈዋል።

ለምን እንደማይለጠፍ በቀላል ሒሳብ ላሳያችሁ። ይሄ ለምሳሌ የተፈጠረ ነው እንጂ ውጤታችን አይደለም። መጠይቁ ከታመሙት መቶ ሰዎች 80ውን ይይዛል፣ ካልታመሙት መቶ ደግሞ 80ውን በትክክል ያልፋል እንበል። ተፈናቃይ ሰፈር ከ100 ሰው 30ው ቢታመም፣ 24ቱን ይይዛል፣ ካልታመሙት 70 ደግሞ 14ቱን በስህተት ይይዛል። 38 ሰው ወደ ሐኪም ይላካል፣ ከ38ቱ 24ቱ እውነተኛ ናቸው። ጥሩ ነው። ያንኑ ወረቀት፣ ያንኑ ነጥብ ይዛችሁ ከ100 ሰው 5ቱ ብቻ የሚታመምበት የከተማ ጤና ጣቢያ ግቡ። 4ቱን ይይዛል፣ ካልታመሙት 95 ግን 19ኙን ይይዛል። 23 ሰው ትልካላችሁ፣ እውነተኛው 4 ብቻ ነው። ወረቀቱ አልተበላሸም፣ ቦታው ነው የተለወጠው። ሐኪሙ ግን ሁለተኛ የናንተን ወረቀት አያነብም።

እዚህ አገር ይሄ ትምህርት አዲስ አይደለም። ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት፣ ለወላድ እናቶች ተብሎ ኤዲንብራ የተዘጋጀው ታዋቂ የድብርት መጠይቅ ገጠር ላይ ደካማ ሆኖ፣ የዓለም ጤና ድርጅት «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ የሚያስመልሰው ባለ 20 ጥያቄ ወረቀት ተሽሎ ተገኝቷል። ስሙ የገነነ ሁሉ ለሁሉም ቦታ አይሆንም።

የተስተካከለው ቅጽ አሁን በጥቂት ጤና ጣቢያዎች ይሠራበታል። አሥረኛው ጥያቄ አሁንም ያናድዳል። በቤታቸው አዊኛ የሚናገሩ፣ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ሰዎች ላይ «ድቅን ይላል» የሚለው አይሠራም፣ ለእነሱ ሥራው ከባዶ ይጀመራል። ባለፈው አንድ ሌላ ድርጅት ደውሎ «የተረጋገጠው የአማርኛ ቅጽ አላችሁ አሉ፣ ላኩልን፣ መቁረጫ ነጥቡንም» አለን። ቅጹን ላክን። ስለ ነጥቡ የት ሊሠሩበት እንደሆነ ጠየቅናቸው፣ መልስ እየጠበቅን ነው።

አዲሱን ቅጽ ይዘን ስንመለስ መጀመሪያ ወጣቱን አገኘሁት። አሥራ ሰባተኛውን አነበብኩለት። ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ የሞላውን ብርጭቆ በጣቱ ነካው። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ሐኪም ያየዋል።

እማማ እዚያው በራቸው አጠገብ ናቸው፣ ሰፌድ ጭናቸው ላይ። «ደህና ነው በሚሉት ቦታ እያሉ እንኳ፣ አደጋ ይመጣል ብለው በር በር እያዩ…» ብዬ ሳልጨርስ ሳቁ። «ኧረ ልጄ፣ እኔ በር ላይ የምቀመጠው ምስሩን ለመልቀም ነው። ዓይኔ ደክሟል፣ ውስጥ ብርሃን የለም።»

ባዶውን ብርጭቆ ነካሁ።